ውሸት ይዘሽ ነይ የተባልኩበት ዓመት

ባለቤቴ ካረፈ ስምንተኛ ወሩ ነው። ብቻዬን ቤት መቀመጤ ልጆቼን ስላሳሰባቸው፣ እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን በሚባለው ሰፈር ባለው ማእከል፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሰበሰቡበት ክፍል ወስደው አስቀመጡኝ። አሥራ አንድ ነን። ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። የምትመራን ወጣት እዚሁ የተወለደች ናት፤ ወላጆቿ ከጎንደር ናቸው። አማርኛዋ ደኅና ነው፣ ሲጨንቃት ግን ወደ ዕብራይስጥ ትሸሻለች።

በመጀመሪያው ቀን ከቦርሳዋ የላስቲክ ኳስ አወጣች።

«መጀመሪያ እንተዋወቅ» አለች። «ኳሱ የደረሳት ሰው ስለ ራሷ ሦስት ነገር ትናገራለች። ሁለቱ እውነት ነው፣ አንዱ ውሸት። እኛ ውሸቱን እንፈልጋለን።»

ከአጠገቤ የነበሩት፣ እማማ ጥሩ የሚባሉት ሴት፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ምን ልናገር አልሽኝ?»

«አንድ ውሸት፣ እማማ። ዜ ራክ ሚስኻክ። ጨዋታ ነው እኮ።»

«ሰባ ዓመት ከውሸት ስሸሽ ኖሬ፣ አሁን መቃብሬ አፋፍ ላይ ልታስተምሪኝ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ኳሱ ወደ እኔ መጣና ያዝኩት። ሦስት ነገር ፈለግሁ። ውሸት ሆኖ የመጣልኝ አንድ ብቻ ነበር፤ «ባለቤቴ ሞቷል» የሚል። ኳሱን አሳለፍኩት።

ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን አሸተትኩት። አዲስ ላስቲክ ይሸታል። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በዚሁ በአሽቀሎን፣ አንድ መከር ሙሉ ይህ ሽታ ከእጄ አልጠፋም ነበር።

ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ከመጣን ሁለት ወራችን ነበር። ያረፍነው አዲስ መጤዎች በሚቆዩበት ግቢ ነው፤ መርከዝ ክሊታ ይሉታል። ከፎቁ በረንዳ ላይ ሆኖ ባሕሩ በሕንፃዎች መካከል እንደ ተሰጣ ሰማያዊ ጨርቅ ይታያል። እኛን ልጆቹን ግቢው ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ሰበሰቡን። አስተማሪያችን ሞራ ዳሊያ ትባላለች፤ ሞራ በዕብራይስጥ አስተማሪት ማለት ነው። ዕብራይስጧን የምትተረጉምልን እትዬ የሺ ከእኛ ዓመታት ቀድማ የመጣች ሴት ነበረች፤ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ ሱሪ ትለብሳለች።

በመጀመሪያው ቀን ሞራ ዳሊያ ወንበሮቹን በክብ አስቀመጠችና ኳሱን ይዛ መካከል ቆመች። ስማችንን ጠየቀች። ከዚያ ስንት ወንድም፣ ስንት እህት እንዳለን ጠየቀች። እትዬ የሺ እየተረጎመች ስትናገር፣ ከሞራ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሞራ አየሁ። ይህን ክፍል አውቀዋለሁ።

አዲስ አበባ በረራ ስንጠብቅ አንድ ቢሮ ገብተን ነበር። ነጭ ሰው፣ አስተርጓሚና ፋይል ነበሩ። ስምሽ ማነው? እናትሽ ማናት? ይህችስ ምንሽ ናት? አባቴ ከመግባታችን በፊት ለሦስት ቀን አስጠንቶናል። በትክክል የመለሱ አውሮፕላን ላይ ወጡ። ያልመለሱ ጎረቤቶቻችን እዚያው ቀሩ። አሁንም ይኸው ጠያቂ አለ፣ ይኸው አስተርጓሚ አለ፣ ጥያቄውም ያው ነው። ፈተናው ያለቀ መስሎን ነበር እንጂ አላለቀም ብዬ አሰብኩ።

እንደዚያ ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም መሰለኝ። ሞራ ኳሱን ስትወረውር ማንም መያዝ አልፈለገም። ወደ ሙላት ወረወረችው፤ ሙላት ጎንበስ አለ። ወደ ዘነቡ ወረወረችው፤ ዘነቡ በክርኗ መታችው። ኳሱ ግድግዳውን እየነካ ወለሉ ላይ ሲንከባለል፣ ሁላችንም እግራችንን ወደ ላይ አነሳን። ሞራ ደነገጠች። በትልቅ ሰው ፊት ዓይናችንን ወደ መሬት መስደዳችንም ግራ ገባት፤ አገጫችንን በጣቷ እያቀናች «ወደ እኔ እዩ» ትለን ነበር። እኛ ደግሞ ብልግና እያስተማረችን መሰለን።

በሳምንቱ ሁለት እውነትና አንድ ውሸት የሚባለውን ጨዋታ አመጣች። ምሳሌውን ከራሷ ጀመረች። እትዬ የሺ ተረጎመች፤

«ሞራ ዳሊያ ስለ ራሷ ትናገራለች። አንደኛ፣ ሥጋ አልበላም። ሁለተኛ፣ ቤቴ አንበሳ አሳድጋለሁ። ሦስተኛ፣ ብቻዬን ነው የምኖረው። ውሸቱ የቱ ነው?»

ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ሦስተኛው!» አልን።

ሞራ አፏን ከፍታ ቀረች። እኛን ግን አንበሳው አላስገረመንም። አዲስ አበባ አንበሳ የሚያኖሩበት ግቢ እንዳለ ሰምተናል፤ በእንዲህ ያለ ሀብታም አገር አንድ አስተማሪ አንበሳ ቢኖራት ምን ይደንቃል? ሠላሳ ዓመት የሞላት ጤነኛ ሴት፣ እናትና አባት እያላት ብቻዋን ታድራለች መባሉ ነው ያልተዋጠልን። እትዬ የሺ ሳቋን ውጣ፣ «ብቻዋን መኖሯ እውነት ነው። ውሸቱ አንበሳው ነው» ስትለን ሞራን ዳግመኛ አየናት። በጣም አዘንንላት። ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ከንፈሯን መጠጠችና በማግስቱ ግማሽ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ለዚያች ምስኪን ስጫት» አለችኝ።

እህቴ ስንዱ አብራኝ ትማር ነበር። ስለ እሷ መናገር አለብኝ።

ስንዱ የእናቴ ታናሽ እህት ልጅ ናት። አባቷ አየለ እሷ ጡት ሳትጥል ሞተ። እናቷ አዲስ አበባ በረራ ስንጠብቅ በሳንባ በሽታ ታማ ሞተች፤ እዚያው ቀበርናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንዱ እናቴን «እማ» አለቻት፤ እናቴም «ወዬ» አለቻት፤ በዚያው አለቀ። በእኛ ቋንቋ የአክስት ልጅ እህት ናት፤ ሌላ ስም የላትም። ለቢሮው ግን ይህ አይበቃም ተባለ። ስለዚህ አባቴ ስንዱ ታደሰ ብሎ በራሱ ስም አስመዘገባት። ሰባት ወር ብቻ ስለምትበልጠኝ፣ ከአንድ እናት መወለዳችን እንዲታመን አንድ ዓመት ጨመረላት።

«ስንዱ የማን ልጅ ናት?» ይለን ነበር በጥናቱ ጊዜ።

«የእማ።»

«ሌላ ነገር የተናገረ ልጅ ስንዱን በእጁ እንደ መለሳት ይቁጠረው። እዚያ ከደረስን በኋላም ቢሆን በሄደችበት አውሮፕላን ይመልሷታል።»

እሺ አልን። ይህ ግልጽ ነበር። ግራ የገባኝ አባባ ይርጋ ሲመጡ ነው።

አባባ ይርጋ የአባቴ አጎት ናቸው፤ በዚሁ ግቢ ከኛ በታች ያለው ፎቅ ይኖራሉ። ሰንበት ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሁሉ ፊታቸው ያስቀምጡና አባቶቻችንን ያስቆጥሩናል፣ እስከ ሰባት ቤት። ይህን የማያውቅ ልጅ ዘመዱን ከባዳው አይለይም፤ ሲያድግም ሥጋውን ያገባል ይላሉ። የእኔን ቆጠርኩ። ስንዱ ተከትላኝ «ታደሰ፣ መኰንን…» ስትል በዱላቸው ወለሉን መቱ።

«ያንቺን ነው የጠየቅሁሽ!»

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። «አባባ፣ እባክዎ ይተውት።»

«ምኑን ልተወው? ታደሰ፣ ይህች ልጅ ያንተን አባቶች እየቆጠረች አደገች እንበል። ነገ የአየለ ዘር የሆነ ጎረምሳ ሽማግሌ ይልካል። ብንቆጥር አይገናኝም ብለን እንድራታለን። የአጎቷን ልጅ አገባች ማለት አይደለም?»

«ቀስ ብለው ይናገሩ። ግድግዳው ስስ ነው።»

«ግድግዳው የሚሰማው ዕብራይስጥ ነው፣ አትፍራ።»

ከዚያ ስንዱን ወደ ጉልበታቸው ሳቡና አስጠኗት። አየለ፣ ተገኘ፣ ውቤ፣ ቸኮል፣ ደስታ፣ እንግዳ፣ ሰንበቱ። ስንዱ ደጋግማ ቆጠረችው። በሦስተኛው ጊዜ ሳትሳሳት ስትጨርስ ፊቷ በራ። እኔ ግን ተቀየምኩ። እስከዚያ ቀን አባቶቻችን አንድ ነበሩ። አሁን እሷ የራሷ ሰባት ሰው አላት፣ አንዱንም አላውቀውም። ደግሞስ የቱ ነው እውነቱ? ለቢሮው የምንለው አባባ ይርጋ ፊት ውሸት ነው። አባባ ይርጋ ፊት የምንለው ቢሮው ከሰማ ስንዱ ትሄዳለች። አባቴን ብጠይቀው፣ «ሁለቱም እውነት ነው፤ ቦታ ቦታ አለው» አለኝ። ይህ መልስ ይበልጥ አወሳሰበብኝ።

ክፍል ውስጥ ተራችን እየቀረበ ነበር። በየቀኑ ሁለት ልጆች ይጫወታሉ። ልጆቹ ኳሱን መያዝ ለምደዋል፤ ገና የምፈራው እኔ ብቻ ነበርኩ። ውሸት አጣሁ። ውሸት የሚባል ነገር ሲሸሹት እንጂ ሲፈልጉት አይቼ አላውቅም።

«ዝሆን አለኝ በያቸው» አለችኝ ስንዱ።

«ሞራ አንበሳ ብላለች። ኮረጀች ይሉኛል።»

«እንግዲያስ ሁለት ዝሆን በይ።»

ኳሱ ማክሰኞ ዕለት መጣ። ደረቴን መታኝና ጉልበቴ ላይ አረፈ። ሞራ ፊት ለፊቴ፣ እትዬ የሺ ከጎኗ፣ ልጆቹ ዙሪያዬን። አፌን ስከፍት ዝሆኑ ጠፋ። የታየኝ ያ የአዲስ አበባው ቢሮ ነው። በዚያ ቢሮ ምን እንደምል አውቃለሁ፤ ውሸት ማለትም ቢሮ ውስጥ እንድንለው ያጠናነው ነገር መሰለኝ።

«አውሮፕላን ውስጥ አልቅሻለሁ» አልኩ። «አባቴ ሸማኔ ነው። ስንዱ እህቴ ናት።»

ዘነቡ እጇን ሳታወጣ ጮኸች። «ማልቀሷ እውነት ነው! አጠገቧ ነበርኩ፤ ንፍጧን በእኔ ነጠላ ነው የጠረገችው!»

«አባቷም ሸማኔ ነው» አለ ሙላት። «የአባቴን ጋቢ የሠራው እሱ ነው።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ነው?» አለች ዘነቡ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ስንዱ ዞሩ። ስንዱ ከጎኔ ነበረች። እኔ ወደ እሷ አልዞርኩም፤ ፊቷ ግን በጉንጬ በኩል እንደ እሳት ተሰማኝ። ያደረግሁት የገባኝ ያኔ ነው።

«ሁሉም እውነት ነው» አልኩ።

እትዬ የሺ ተረጎመች። ሞራ ሳቀች፤ በደግነት ነበር የሳቀችው። እትዬ የሺም «ሞራ የምትልሽ፣ ሁለት እውነት ብጠይቅሽ ሦስት ሰጠሽኝ። ሐሙስ ውሸት ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ስንዱ አልሳቀችም።

ከትምህርት ስንወጣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ።

«የትኛው ነበር?»

«ምኑ?»

«ውሸቱ።»

«ሁሉም እውነት ነው አልኩ እኮ።»

«እሱን ለሞራ ንገሪያት። ለእኔ ንገሪኝ። የትኛው ነበር?»

አባቴ እንዳለው ቦታ ቦታ አለው ልላት ፈለግሁ፤ ግን ያ ቦታ የቱ እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ጥላኝ ሄደች።

ማታ እራት ስንበላ ስንዱ ከማዕዱ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እናቴ ጎረሠች፣ አጎረሠች፣ ከዚያ አየችን።

«ምን ሆናችኋል እናንተ? ስንዱ፣ ጠጋ በይና ብይ እንጂ።»

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ» አለች ስንዱ።

እትዬ አለቻት። ከእናቷ ሞት ወዲህ አንድም ቀን እንደዚያ ብላት አታውቅም። እናቴ ለማጉረሥ ያነሳችው እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጉርሻውን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠችና ተነስታ በረንዳ ወጣች። አባቴ ምንም አልገባውም። እኔ በገባኝ መጠን ግራ ተጋባሁ፤ ስንዱን ያጣናት ማንም ሳይመልሳት ነው ማለት ነው?

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ሴት ፋይል ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ከበረንዳ አየሁ። በየቤቱ እየገባች ትጽፋለች። በኋላ ሳውቅ ብርድ ልብስ ለሁሉም መዳረሱን የምትቆጣጠር ሠራተኛ ነበረች። እኔ ግን ስንዱን ልትወስድ የመጣች መሰለኝ፤ ሞራ ነግራታለች ብዬ አመንኩ። ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ስንዱ ጠረጴዛው ላይ ትጽፋለች። ልትናገረኝ ስላልፈለገች ልነግራት አልቻልኩም። ያየሁት ጫማዋን ነው፤ ከግቢው የተሰጣት ሰማያዊ ሸራ ጫማ በር ሥር ተቀምጧል። አነሳሁትና ከእናቴ አልጋ ሥር፣ ከሻንጣዎቹ ኋላ፣ ክንዴ እስከደረሰ ድረስ ገፋሁት። አውሮፕላን ላይ ሲያወጡን ለሁሉም ልጅ ጫማ አድርገውለት ነበር። ስለዚህ ጫማ የሌለውን አይወስዱም ብዬ አስቤ ነው።

ሴትዮዋ ብርድ ልብሶቹን ቆጥራ፣ ሻይ አልጠጣም ብላ ሄደች። እኔ ግን ጫማውን አላወጣሁትም። ነገ ብትመለስስ?

ሐሙስ ጠዋት ስንዱ ጫማዋን ፈለገች። እናቴ ፈለገች። አባቴ «በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ጫማ የት ይገባል?» እያለ ፈለገ። እኔም አብሬ ፈለግሁ። በመጨረሻ የእናቴን ሰፊ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጋ እየጎተተች ወጣች። ደረጃው ላይ አንዱ አመለጣትና በአንድ እግሯ ቆመች። ያኔ አላስቻለኝም።

«አልጋ ሥር ነው ያለው» አልኳት።

«ማን ከተተው?»

«እኔ።»

ልትመታኝ እጇን አነሳች። «ለምን?»

«ሴትዮዋ መጥታ ነበር፣ ፋይል ይዛ። ባዶ እግርሽን አይወስዱሽም ብዬ።»

እጇ እንደ ተነሳ ቆየ። ትክ ብላ አየችኝ። ሞኝነቴን እየለካች ነው ወይስ ሌላ ነገር፣ አላወቅሁም። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አጠለቀችና ወደ ክፍል እየተንሸራተተች ሄደች። ክፍል ውስጥም ከጎኔ አልተቀመጠችም፤ ከክቡ ወዲያ ማዶ፣ ከሙላት አጠገብ ወንበር ያዘች።

ሞራ ኳሱን አነሳች። እኔ ያመጣሁት ውሸት አልነበረም፤ ማታውን ሳስብ ያደርኩት ሁሉ እውነት እየሆነ አስቸግሮኝ ነበር። ሞራ ወደ እኔ አየች። ከመወርወሯ በፊት ግን ስንዱ ሁለት እጇን ዘረጋች። በዚያ ክፍል ኳሱን የጠየቀ ልጅ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ሞራ ደስ ብሏት ወረወረችላት።

ስንዱ ተነሳች። ኳሱን ሆዷ ላይ ይዛ፣ በእናቴ ጫማ ቆማ፣ በአማርኛ ተናገረች።

«እናቴ ሞታለች። እናቴ ቤት ናት፣ አሁን ልብስ እያጠበች ነው። ባሕር እወዳለሁ።»

በቃ ብዬ አሰብኩ፤ ራሷ ነገረቻቸው።

«ቀላል ነው!» አለ ሙላት። «ሰው ሞቶ ልብስ አያጥብም! ከሁለቱ አንዱ ነው።»

«የመጀመሪያው ነው» አለች ዘነቡ። «እናቷን ዛሬ ጠዋት ውኃ ስትቀዳ አይቻታለሁ።»

ስንዱ ራሷን ነቀነቀች። «አላገኛችሁትም።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

«ሦስተኛው። ባሕር አልወድም። እፈራዋለሁ።»

ልጆቹ መጮኽ ጀመሩ። እንዴት ይሆናል፣ ሁለቱም እንዴት እውነት ይሆናል፣ አጭበረበረች አሉ። ሞራ ግራና ቀኝ እያየች እትዬ የሺን በክንዷ ነካቻት፤ ምን አለች ማለቷ ነው። እትዬ የሺ ወዲያው አልተረጎመችም። ስንዱን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቀጥሎ ለሞራ የተናገረችው ስንዱ ካለችው በጣም ያጠረ ነበር። ከዚያ ውስጥ የለየሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ኢማና ያም፣ እናትና ባሕር። «ኢማ» ያለችው አንዴ ይሁን ሁለቴ፣ ይኸው እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ሞራ በዝግታ «ቶዳ፣ ስንዱ» አለች፤ አመሰገነቻት። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ስንዱንም ሊወስዳት የመጣ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ።

እኔ ግን ይህን ገና አላውቅም። በሩን እያየሁ ነበር።

ስንዱ ኳሱን አልወረወረችውም፤ ሄዳ ለዘነቡ በእጇ ሰጠቻት። ከዚያ ወደ ሙላት ጎን አልተመለሰችም። ሰፊው ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ እየተጎተተ ክቡን አቋርጣ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«ጠጋ በይ» አለችኝ።

ወንበሩ ለአንድ ሰው የተሠራ ነበር። ጠጋ አልኩላት።